ሳል የሚሰማበት ቤት

«እማማ ሙሉሽ፣ ድንኳኑን ልንወስድ ነው» አለ ከደጅ የመጣው የጎረምሳ ድምፅ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ነጠላዋን እንኳ ሳታደርብ «ማን ነው?» ትል ነበር። የእድሩ ድንኳን የሚቀመጠው ከእሷ አልጋ ሥር ስለሆነ በሰፈሩ ሰው ሲሞት መርዶው ከጥሩምባው ቀድሞ የሚደርሰው እሷ ዘንድ ነው። በሩ ይንኳኳል፣ ትጠይቃለች፣ ስሙን ይነግሯታል፣ «ነፍሱን ይማር» ብላ የአልጋ ልብሱን ገለጥ ታደርግላቸዋለች። ጎረምሶቹም ተንበርክከው ያንን ከባድ የሸራ ጥቅል ይጎትታሉ። ዛሬ ግን አልጠየቀችም። ማን እንደሞተ ከሁሉም በፊት ያወቀችው እሷ ናት። ሊነጋጋ ሲል ከግድግዳው ወዲያ ሳል ጠበቀች። ሳሉ ሳይመጣ ቀረ።

በሩን ከፍታ ዘወር አለችላቸው።

«ማዕዘኑ ጋ ቀስ በሉ፤ ቀዳዳ አለበት» አለች።

ግቢው የእድሩ ነው። በአንድ ቆርቆሮ ሥር ሦስት ክፍሎች ተደርድረዋል። በአንዱ ዳር ቶላ፣ መሐል ሙሉሽ፣ በሌላው ዳር ጅሩ ይኖሩ ነበር። ኪራይ አይከፍሉም፤ በምትኩ የእድሩን ዕቃ ይጠብቃሉ። አግዳሚ ወንበሮቹ ቶላ ጋ፣ ድስቱና ሰሃኑ ጅሩ ጋ፣ ድንኳኑ ሙሉሽ ጋ። ሟቹ ጅሩም ድንኳኑም የአንድ ግቢ ሰዎች ስለሆኑ ያን ቀን ሩቅ መሸከም አላስፈለገም። ድስቶቹን ለማውጣት ግን ሬሳው ወዳለበት ክፍል መግባት ግድ ሆነ። ጎረምሶቹ በሩ ላይ ቆመው ተያዩ። ሙሉሽ ገባች። አንድ በአንድ፣ እንዳይጋጩና እንዳይጮኹ እያደረገች፣ የተኛውን ሰው እንደማትቀሰቅስ ሆና አወጣቻቸው።

ከቀትር በኋላ የጅሩ የእህት ልጅ ሣራ ከዘመዶቿ ጋር ከገዘር ከተማ በሚኒባስ ደረሰች። ቀብሩ ተፈጸመ፤ ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ተነጠፈ። ለቀስተኛው ጎንበስ እያለ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለው ለሣራ ነው። ደግ ነው፤ ሥጋዋ ነውና። ሙሉሽ ከድስቱ አጠገብ ቆማ ንፍሮ ትጨልፋለች። ወደ እሷ የሚመጣ ሰው ሰሃን ይዞ ነው የሚመጣው።

ከጀርባዋ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ከሁሉ የባሰው እኮ ለእሷ ነው።»

«ምኗ ነው?»

«ምኗም አይደለም። ጎረቤቷ ነው።»

ሙሉሽ ጭልፋውን ወደ ድስቱ መለሰች። ምኗም አይደለም። ልክ ናቸው። ባሏ አይደለም፣ ወንድሟ አይደለም፣ የቤተ ክርስቲያኗም ሰው አይደለም፤ እሱ ጴንጤ፣ እሷ ኦርቶዶክስ። በየምሽቱ በረንዳው ላይ ሁለት ዱካ ያወጣ ነበር፤ በአንዱ እሱ፣ በሌላው እሷ። የቡና ገለባ አፍልቶ በቅል ይሰጣታል። መጀመሪያ ሰሞን «ይሄማ የእንጨት ውሃ ነው» ትለው ነበር። «የእንጨት ውሃ ከሆነ ለምን ጨረስሽው?» ይላታል። በቃ፣ ይህ ነው የነበራቸው። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ፍራሽ ላይ ቦታ የለውም።

ቶላ ከአግዳሚው ተነሥቶ በትሩን እየደገፈ መጣ። አማርኛን ካደገ በኋላ በገበያ የለቀመው ሰው ነውና ሴትና ወንድ አይለይም፤ ጆሮውም ደክሟል።

«ሙሉሽ፣ አንተ አልበላህም» አለ ጮክ ብሎ።

«በልቻለሁ ጋሽ ቶላ።»

«አልሰማሁም» አለና በእጁ ንፍሮ ዘግኖ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

*

ጅሩን ያገኘችው ባዶ እጇን በቀረች ጊዜ ነው።

ባሏ በቅዳሜ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ጠርዝ ትዘመዝማለች። እሱ ሲሞት የስፌት መኪናው ተሸጠ፤ እሷ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ዳር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ቀረች። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፤ መምህራኑ ከየአገሩ መጡ፤ የጂንካ ቤት ኪራይ ዝናብ እንዳገኘ በቆሎ ይመዘዝ ጀመር። አከራይዋ ዓይኗን ሳያይ «እማማ፣ ቤቱን ላድሰው ነው» አላት።

ልጇ ዮሴፍ ሐዋሳ ወሰዳት። ዮሴፍ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሚስቱም ክፉ አይደለችም። ቤታቸው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት ሁለቱም ሥራ ሲወጡ በሩን ከውጭ ይቆልፋሉ። «ሌባ እንዳይገባብሽ ነው፣ ማሚ።» ሙሉሽ በመስኮቱ ታያለች፤ የምታየው የሰው አናት ብቻ ነው። ሰው ከላይ ሲታይ ፊት የለውም። ሰቀላ ላይ ተረስቶ እንደቀረ ቅል ደርቃ ደርቃ፣ አንድ ቀን «የሐይቁ ትንኝ አልተስማማኝም» ብላ ወደ ጂንካ ተመለሰች። የት እንደምታድር ግን አላሰበችም ነበር።

ከአውቶቡስ ወርዳ እግሯ የወሰዳት ወደ ለመደችው ሰፈር ነው። አውሮፕላኖቹ ወደ አዲሱ ማረፊያ ከሄዱ ወዲህ ሣሩ ላይ ፍየል ይግጣል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጥቅሏን አጠገቧ አድርጋ ሣሩ ዳር ተቀመጠች። ካኪ ካፖርት የለበሰ ረዥም ሽማግሌ መጣና፣ ሳይጠራ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ» አለ። «የት ማደር ይወዳሉ?»

«የትም ይሁን፣ ወንድሜ።»

«የትም የሚባል ሰፈር ጂንካ ውስጥ አላውቅም። ገዘር ድረስ ጠይቄያለሁ፤ የለም።»

ሳትወድ ሳቀች። ሰውየው ግን መልስ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ አልተነሣም። ፍየሎቹ አልፈው ተመለሱ። በመጨረሻ፣ ለማንም ብላው የማታውቀውን፣ ለራሷም ብላው የማታውቀውን ነገር አፏ አወጣው።

«ሰው ሲያስለው የምሰማበት።»

ጅሩ አልሳቀም። «እሱ ሰፈር ሊኖር ይችላል» አለ።

ኋላ እንደገባት፣ ሰውየው ያን ሰሞን ጥያቄውን ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በችሎት አስተርጓሚ ሆኖ ኖሯል፤ የአገሩን ቋንቋ አሪኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ አሪኛ ሲያመላልስ። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች በአሮጊት እናታቸው ተካሰሱ፤ አንዱ «እኔ ጋ ትሁን»፣ ሌላው «የለም፣ እኔ ጋ» ሲል ዋለ። ጅሩ የሁሉንም ቃል ተረጎመ። አሮጊቷን ግን ማንም ምንም አልጠየቃት፤ ያልተጠየቀ ደግሞ አይተረጎምም። «ጥያቄው አፌ ውስጥ ነበር» ይላት ነበር ሙሉሽን። «የአስተርጓሚ አፍ ግን የኪራይ ቤት ነው፤ የራሱን ዕቃ አያስገባበትም።»

ጡረታ ሲወጣ የራሱን ዕቃ አስገባ። ቀበሌ ሄደ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደ፤ «ነገ ይመለሱ» ሲሉት ነገ ተመለሰ። ከዚያ በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሣ።

«በሰፈራችን የማያፈስ ጣራ ያለው ቤት የእድሩ ዕቃ ቤት ነው» አለ። «እዚያ ውስጥ ድንኳንና ድስት ተኝቷል። እኛ አሮጌዎቹ ደግሞ በየጓሮው በሚያፈስ ቤት እንተኛለን። እድራችን ስንሞት የሚደርስልን ነው። ጥቂት ቀደም ብሎ ቢደርስስ?»

«ታዲያ ቀብሩንም እናስቀድመው?» አለ አንድ ቀልደኛ፤ ተሳቀ። ጅሩም አብሮ ሳቀና ቀጠለ። አሮጌ ሁሉ አንድ ግቢ ይታጎር እንዳላለ አስረዳ። ከቤቱ መውጣት የማይፈልገውን ጎረምሶች ጣራውን ይሥሩለት። ልጁ ጋ መኖር የሚፈልገውን ሽማግሌ ሄዶ ልጁን ያነጋግርለት፤ ክፍሉ መስኮት እንዲኖረው፣ በሩም ከውስጥ እንዲከፈት። ሰው አጠገብ መሆን የሚፈልገው ደግሞ ዕቃ ቤቱ ለሦስት ይከፈልና እዚያ ይግባ፤ ዕቃውንም እሱ ይጠብቅ። «ብቻ አስቀድማችሁ ጠይቁት።»

ለዓመት ያህል ተከራከሩ፤ ሙሉሽም እስከዚያ በሰው ጓሮ አደረች። ዕቃ ቤቱ ለሦስት ሲከፈል ግንበኛው ግድግዳውን በብሎኬት ላድርገው አለ። ጅሩ «የለም፣ በቀርከሃና በጭቃ» አለ። «ቀጭን ይሁን። ድምፅ ያሳልፍ።»

ያን ቀን ሙሉሽ ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች።

*

በሁለተኛው ቀን ዝናቡ መጣ። የሚያዝያ ዝናብ ነው፤ ከተራራው በኩል ጠቁሮ ይነሣና ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። መዝሙሩ መሐል ላይ ሳለ ውሃው በድንኳኑ ቀዳዳ ገብቶ ሣራ በተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ሣራ አልተነሣችም። ጠብ ያለው ውሃ ከእንባዋ ጋር ተቀላቀለ።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ተገኝ ይህን አይቶ ሆዱ ባባ። በወጣትነቱ ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የሸበተ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ለሰው የሚያስብ፣ ያሰበውንም በወረቀት ማስፈር የሚወድ። መዝሙሩ ሲያበቃ ቆመ።

«ወገኖቼ፣ ለጅሩ ለቅሶ እንኳ ደረቅ ቦታ አላገኘንም። ከእንግዲህ እንዲህ መሆን የለብንም። ቋሚ አዳራሽ እንሥራ፤ ስሙም የጅሩ መታሰቢያ አዳራሽ ይባል። ፕሮፖዛሉን እኔ አዘጋጃለሁ።»

ከዳር እስከ ዳር «አሜን» ተባለ። ሣራ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

«ቦታውስ?» አለ አንዱ።

«ቦታማ አለን። እነዚህን ክፍሎች እናነሣቸውና ግቢው በሙሉ…» አቶ ተገኝ በእጁ አሳየ። በክፋት አልነበረም። እጁ ዝናቡ ውስጥ የሙሉሽን በር፣ የቶላን በር፣ የጅሩን በር አንድ ላይ ጠቀለለ።

ሙሉሽ የንፍሮ ሰሃን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሰዉ ለሻይ ሲነሣ ጠጋ አለችው።

«አቶ ተገኝ፣ እኛስ?»

«እማማ፣ እናንተማ እናት አባቶቻችን ናችሁ፤ እንዲሁ አንጥላችሁም። እርስዎ ዮሴፍ አለልዎት፣ ጋሽ ቶላም ገዘር የወንድሙ ልጆች አሉት። በክብር ነው የምንሸኛችሁ።»

እድር የሚያውቀው ደግሞ መሸኘት ነው።

ወደ ቶላ ሄዳ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች። «ቤቱን ሊያፈርሱት ነው፣ ጋሽ ቶላ።»

«ሰምቻለሁ። እኔ የማልሰማው ጥሩ ወሬ ብቻ ነው። አንተስ ምን አልክ?»

«እኔ ምን እላለሁ? እሱ ቢኖር ኖሮ…»

ቶላ በትሩን መሬቱ ላይ አዟዟረ። «ጅሩ አፍ ነበረ» አለ። «እኔ ጆሮ የለኝም፣ አንተ አፍ የለህም። ሦስት ሆነን አንድ ሰው ነበርን።»

አመሻሹ ላይ ዮሴፍ ደወለ። አቶ ተገኝ ነግሮት ኖሯል። «ማሚ፣ ቅዳሜ መጥቼ ልውሰድሽ? በሩን እኮ አሁን ከውስጥም እንዲከፈት አድርገነዋል» አላት። ማን ሄዶ እንዳነጋገረው አልጠየቀችም፤ ጅሩ መሆኑ አልጠፋትም። «ተባረክ ልጄ» አለችው። «ቆይ እስቲ።» የተከፈተው በር ደስ አሰኛት፤ ከበሩ ወዲያ ግን ያው ደረጃ፣ ያው አናት ነው የሚጠብቃት።

ወደ ምሥራቅ ዞራ ጸለየች። ዕድሜዋን ሙሉ ምላሷን እንዲጠብቅላት ነበር የምትለምነው። ያን ምሽት ጠባቂውን ለጥቂት ጊዜ ዞር እንዲያደርግላት ለመነች።

*

በሦስተኛው ቀን ፍራሹ ተነሣ። የጅሩ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጸለየ፣ አቶ ተገኝ አመሰገነ፣ እንደ ደንቡም «ያልተባለ ነገር ካለ?» አለ። ይህ ሲባል ሰው ጃንጥላውን ይፈልጋል እንጂ የሚናገር የለም። ሙሉሽ ጭልፋውን ድስቱ አፍ ላይ አጋደመችና ወደ ድንኳኑ መሐል ገባች።

«እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ከኋላ ያሉት ዝም አሉ። «የእኔ አይደለም፣ የጋሽ ጅሩ ነው። አቶ ተገኝ፣ ጡረታ ሲወጡ የት ማደር ይወዳሉ?»

ፈገግ አለ። «እማማ፣ ይህ እንግዲህ ከአዳራሹ ጋር…»

«አይገናኝ ይሆናል። እሱ ግን ሁሉንም ሰው እንዲህ ይጠይቅ ነበር። መልሱን ሳይሰማ ሌላ ነገር አይጀምርም።»

እሷም እንደ ጅሩ መልሱን ጠበቀች። የአቶ ተገኝ ሚስት እንደሞተች፣ ልጆቹ አዲስ አበባ እንደሆኑ፣ የሚኖርበትም የመንግሥት ቤት ከሥራው ጋር እንደሚያበቃ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከቀዳዳው የትናንቱ ውሃ አልፎ አልፎ ጠብ ይላል።

«ጠይቆኝ ነበር» አለ አቶ ተገኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገና ነኝ ብዬ አለፍኩት።» ከዚያ ቆይቶ፣ «እንጃ፣ እማማ። አገር ቤት የሚያውቀኝ የለም። እንጃ።»

«እኔ መልሼለታለሁ» አለች ሙሉሽ። «እዚህ ነው። ጋሽ ቶላንም ይጠይቁት።»

ቶላ ሳይጠየቅ መለሰ። «እዚህ! የወንድሜ ልጆች ጥሩ ናቸው። ቀን ሙሉ እርሻ ነው የሚውሉት። ከበሬ ጋር ላውራ? እዚህ ሙሉሽ ይቆጣኛል።»

በሦስት ቀን ውስጥ መጀመሪያ የተሳቀው ያኔ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ከሴቶቹ መሐል ጨው ሻጯ አስካል ብድግ አለች። የሞላ ቤት ያለው ልጅ አላት፤ ቸግሯት ያውቃል ያለ ሰው አልነበረም። ምራቷ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«እኔስ ልመልስ?» አለች አስካል። ጣቷን አላነሣችም፤ በአገጯ ብቻ የጅሩን በር አመለከተች። ምራቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ዛሬ ገና የተዋወቀቻት ይመስል።

አቶ ተገኝ የአስካልን አገጭ ተከትሎ የጅሩን በር አየ።

«አዳራሹ ይቆየን» አለ በመጨረሻ። «መጀመሪያ ቤት ለቤት እንዙር። እማማ ሙሉሽ፣ ጥያቄውን እንዴት አድርጎ ነበር የሚለው? ልክ እሱ እንደሚለው ይንገሩኝ።»

«የት ማደር ይወዳሉ?»

«የት ማደር ይወዳሉ» አለ፣ እንደ ተማሪ። «እንግዲህ ክፍሎቹ አይነኩም። የጅሩም ክፍል፣ ሣራ ዕቃውን ስታነሣ፣ ለእማማ አስካል ይሁን።»

ሙሉሽ ይህን አላሰበችም ነበር። ቤቱ እንዳይፈርስ ነው ያሰበችው፤ ቤቱ ከቆመ በክፍሉ ሌላ ሰው እንደሚገባ ልቧ ሳያዘጋጃት ቀርቷል።

«እሰየው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ሣራ የአጎቷን ዕቃ አወጣች። መጽሐፍ ቅዱሱን ለራሷ ያዘች፤ ጋቢውን ለቶላ አለበሰችው። ካኪ ካፖርቱን ግን ወደ ብርሃን ዘርግታ አየችው፤ ክርኑ አልቋል፣ ገበሩ ተንጠልጥሏል።

«ይሄ ለሰው የሚሰጥ አይደለም፣ እማማ። ልጣለው?»

«አምጪልኝ።»

ሣራ ካፖርቱን ስታቀብላት እጇን አልለቀቀችም። ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመችና «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለቻት። ሙሉሽ ካፖርቱን ደረቷ ላይ አጠፈችው።

ጎረምሶቹ ድንኳኑን ወደ አልጋዋ ሥር ሊመልሱት ሲያመጡት፣ «እርጥቡን አላስገባም፤ ይሻግታል» ብላ በረንዳው ላይ አስዘረጋችው። ፀሐዩ እስኪያዘቀዝቅ ደረቀ። ሁለቱን ዱካ አወጣች፤ በአንዱ ተቀመጠች፣ በሌላው መቀሷንና ክሯን አኖረች። ከካፖርቱ ጀርባ፣ ጨርቁ ገና ካልሳሳበት ቦታ፣ መዳፍ የሚያህል ቆረጠች። በቀዳዳው ላይ አስተካክላ እየደረበች፣ እያጠፈች፣ ባሏ እንዳስተማራት ጠርዙን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ውሃ በመርፌው ቀዳዳ እንዳይገባም ስፌቱን በሻማ ቁራጭ አሸችው። ነጩ ሸራ ላይ ካኪው ጎልቶ ይታያል። ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር የሚለቀስለት ሁሉ በዚያ ሥር ነው የሚለቀስለት፤ አንድ ቀን እሷም።

ቶላ እያገዛት ጥቅሉን ከአልጋው ሥር ከተተችው። ከዚያ በሯን ገርበብ አድርጋ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ከግድግዳው ወዲያ ክፍሉ ተጠርጎ ባዶ ሆኗል። አስካል የምትገባው ነገ ነው።

ሙሉሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቀርከሃው ግድግዳ ዞረች። ሳል ሳይኖርባት፣ አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ ሳለች።